የመስቀል ወፍ ከመስቀል በኋላ የት ይሄዳል?

ጠፍቶ የከረመ ወዳጅ በድንገት ብቅ ሲል «አንተ የመስቀል ወፍ!» እንለዋለን። አባባሉን የማያውቅ የለም። ወፉን ግን «ይኸውላችሁ» ብሎ በጣቱ የሚያሳይ የከተማ ሰው እምብዛም አይገኝም። በመስከረም ከአደይ አበባ ጋር ይታያል፤ ጥቅምትና ኅዳር ሲያልፉ ደብዛው ይጠፋል። ወዴት እንደሚሄድ ከጠየቅኋቸው ሰዎች አንዳንዶቹ ቆላ ይወርዳል፣ ሌሎቹ ባሕር ይሻገራል ብለውኛል። መልሱ ግን ከመርካቶ በታክሲ የሚደረስበት ስፍራ ላይ ነው ያለው። እዚያ ከመሄዳችን በፊት ከራሱ ከመርካቶ ሰማይ ብንጀምር ይሻላል።

የምናወራው በክረምት ማብቂያ፣ ማለትም ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስቀል ባሉት ሳምንታት፣ ከቤት ሳይርቁ ወፎችን ፎቶ ስለ ማንሳት ነው። ዝናቡ አየሩን ስላጠበው አቧራው የለም፤ ማለዳ ላይ ሰማዩ ይከፈትና ከሰዓት በኋላ ይደፈናል፤ ሣሩ ፍሬ ይይዛል፤ ፍሬ በል ከሆኑት ወፎች ብዙዎቹም የሚጋቡትና ጎጆ የሚሠሩት በዚሁ ጊዜ ነው። በኢትዮጵያ እስካሁን ከ860 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ሁሉም ባሌ ወይም ስምጥ ሸለቆ ያሉ ይመስለናል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ ከጣሪያችን ላይ የሚያርፉትን ከቁጥር አናስገባቸውም።

መርካቶ አሁን ያለበትን ስፍራ የያዘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ትልቁን ገበያ ጣሊያኖች ወደ ምዕራብ አዛወሩት፤ ስሙም በእነሱው ቋንቋ «ገበያ» ማለት ነው። ለወፍ ደግሞ ገበያ ማለት ምግብ ማለት ነው። እህል በረንዳ ጆንያ ሲራገፍ የሚፈስ ስንዴና ማሽላ አለ። ሥጋ ቤት ባለበት ቅንጥብጣቢ አለ። ከቆርቆሮ ጣሪያው በላይ ደግሞ ንፋስ አለ። ፀሐይ ቆርቆሮውንና አስፋልቱን ስታሞቀው ሞቃት አየር ወደ ላይ ይነሳል፤ ትልልቅ ወፎች ክንፋቸውን ሳያራግቡ የሚንሳፈፉት በዚሁ አየር ላይ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ በቀላሉ የሚታየው ጭልፊት ነው። ጅራቱ እንደ ዓሣ ጅራት መሐሉ የተሰነጠቀ ስለሆነ ከሩቅ ይለያል፤ ሲዞርም ጅራቱን እንደ መሪ ወዲያና ወዲህ ይጠመዝዛል። ከሰው እጅ ሥጋ ነጥቆ የሚሄደው እሱ ነው። ጎጆውን ሲሠራ ከእንጨቱ ጋር ጨርቅ፣ ገመድና ላስቲክ ይቀላቅላል። ስለዚህ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበትን ምን አለሽ ተራን ከሚያዘወትሩት ደንበኞች አንዱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ልዩነቱ አለመክፈሉ ብቻ ነው። የአፍሪካው ጭልፊት ለአካለ መጠን ሲደርስ ምንቃሩ ቢጫ ነው። ከመስከረም ጀምሮ ግን ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ የሸሹ ዘመዶቹ ይመጣሉ፤ የእነሱ ምንቃር ጥቁር ነው። የእኛው ጭልፊት ጫጩቶችም ምንቃራቸው ጥቁር ስለሆነ ምንቃር ብቻውን አያስተማምንም። የእንግዶቹ ራስ ፈዘዝ ያለና ግራጫማ መሆኑን አብሮ ማየት ያስፈልጋል። ይህን በዓይን መለየት ከባድ ነው። የተነሳውን ፎቶ አስፍቶ ማየት ግን ማንም የሚችለው ነገር ነው። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መለማመጃ አላውቅም፤ ጭልፊት ትልቅ ነው፣ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ቢስቱትም ተመልሶ ይመጣል።

የሚበር ወፍ ፎቶ ብዥ የሚለው ሹተር ስለሚዘገይ ነው። ሹተር ማለት ብርሃን ወደ ካሜራው የሚገባበትን ጊዜ የሚወስነው መዝጊያ ነው። ለተቀመጠ ወፍ የሰከንድ 1/250ኛ ሊበቃ ይችላል፤ ለሚበር ግን 1/1000ኛና ከዚያ በላይ ፍጥነት ይፈለጋል። ሁለተኛው ችግር የብርሃን መጠን ነው። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ አማካይ አድርጎ ይለካል። ወፉ ብሩህ ሰማይ ላይ ሲሆን ካሜራው «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ያጨልመዋል፤ ወፉም ጥላ ብቻ ሆኖ ይቀራል። መፍትሔው ኤክስፖዠር የሚባለውን ማስተካከያ አንድ ደረጃ ከፍ ማድረግ ነው። ስልክ የያዘ ሰውም ወፉን በስክሪኑ ላይ ነክቶ ብርሃኑን በጣቱ ወደ ላይ ቢገፋ ያው ነው።

ቁራ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ቁራው ፍሬሙን ሲሞላው ካሜራው «ጨለመ» ብሎ ያፈካዋል፤ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፤ ማጅራቱ ላይ ያለችው ነጭ ምልክትም ትቃጠላለች። ስለዚህ እዚህ ብርሃኑን መቀነስ ነው። ይህ ማጅራተ ነጭ ቁራ የአፍሪካ ቀንድ ወፍ ነው፤ ርዝመቱ ከ60 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል፣ በግዝፈትም ከዓለም የቁራ ወገኖች በመጀመሪያው ተርታ ይቆማል። ምንቃሩ እንደ ጎራዴ የጎበጠና ወፍራም ስለሆነ የሳይንስ ስሙ ኮርቩስ ክራሲሮስትሪስ ነው፤ በላቲን «ምንቃረ ወፍራሙ ቁራ» ማለት ነው። ኖኅ ልኮት ያልተመለሰው ቁራ በአማርኛ «የቁራ መልእክተኛ» የሚል የስድብ ቅርስ ትቶለታል። በተሰቀለ የቆርቆሮ ክፈፍ ላይ ቆሞ አንገቱን ሰበር አድርጎ ታች ያለውን ግርግር ሲያጠና ያየ ግን ያልተመለሰው ሥራ ስለያዘ ነው ሊል ይችላል።

የዚህን ቁራ ስም ለሳይንስ ያስመዘገበው ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ ጀርመናዊ ተፈጥሮ ተመራማሪ ነው። ከ1831 እስከ 1834 እ.ኤ.አ. በሰሜን ኢትዮጵያ ተጉዞ ስሜንንና ጎንደርን አየ፤ የሰበሰባቸውን ናሙናዎችም ወደ ትውልድ ከተማው ፍራንክፈርት ወሰደ። ከ1835 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባሳተማቸው ሥራዎች ብዙ የኢትዮጵያ ወፎች ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንስ ተገለጹ። ከእነዚህ አንዷ በአዲስ አበባ ሕንፃዎችና በቤተ ክርስቲያን ጣሪያዎች ላይ በመንጋ የምትታየው ማጅራተ ነጭ ርግብ ናት። መላ አካሏ አመድማ ግራጫ ነው፤ ከአንገቷ በስተኋላ ግን እንደ ነጠላ ጥለት የተጠመጠመ ነጭ አላት፤ ስትበርም ክንፏ ላይ ሌላ ነጭ ይገለጣል። ይህች ርግብ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ በዓለም የትም የለችም። ከእሷ ጋር የምትቀላቀለው፣ ዓይኗ ዙሪያ ቀይ ሆኖ ክንፏ ላይ ነጭ ነጠብጣብ የተረጨባት ርግብ ግን በአፍሪካ በሰፊው ትገኛለች። ወፍ ለማየት በውድ የአውሮፕላን ቲኬት የሚመጡ እንግዶች ማጅራተ ነጯን ሲያገኙ ማስታወሻቸውን አውጥተው ይመዘግባሉ፤ እኛ ደግሞ ጣሪያ አቆሸሸች ብለን እናባርራታለን።

ስለ ጥንብ አንሳም አንድ ነገር መባል አለበት። ሰማዩ ላይ ከጭልፊቶቹ በላይ ሰፊ ክንፍና አጭር ጅራት ያለው ጥቁር ወፍ ሲዞር ካያችሁ፣ ራሱ መላጣና ቀላ ያለ ከሆነ፣ ትንሹ የከተማ ጥንብ አንሳ ሊሆን ይችላል። ቄራና የቆሻሻ መጣያ አካባቢ የተለመደ ነበር፤ አሁንም ይታያል። ይሁን እንጂ በመላው አፍሪካ በመርዝና በአደን ቁጥሩ በጣም ስላሽቆለቆለ፣ የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2015 እ.ኤ.አ. እጅግ አሳሳቢ በሆነ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉ ዝርያዎች መዝገብ አስገብቶታል። ደረጃው ከዱር ጠፍተዋል ከሚባሉት በፊት ያለው የመጨረሻው ነው። በአስቀያሚነቱ የምንስቅበት ወፍ ከብዙ ዝነኛ እንስሳት ይበልጥ አደጋ ላይ ነው ማለት ነው።

አሁን ስለ ዕቃ። ከ300 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ሌንስ ቢኖር መልካም ነው፤ የሚሊ ሜትሩ ቁጥር ሲጨምር የሩቁ ይቀርባል። ትሪፖድ ግን በመርካቶ ግፊያ ውስጥ ይዞ መሄድ ለራስም ለሰውም ጣጣ ነው። እኔ የምጠቀመው አንድ ኪሎ ገደማ ባቄላ የሞላሁት የጨርቅ ከረጢት ነው። መስኮት ላይ፣ ግንብ ላይ ወይም ድንጋይ ላይ ሲያስቀምጡት ፍሬው ይንሸራተትና የሌንሱን ቅርጽ ይይዛል፤ ካሜራውም ሳይንቀጠቀጥ ይቀመጣል። በሌላው ዓለም ያሉ ባለሙያዎችም ተመሳሳይ ከረጢት ይጠቀማሉ። የክረምቱ ሌላ ጠላት እርጥበት ነው። ከብርድ ወደ ሞቃት ቤት ሲገባ ሌንሱ ላይ ጤዛ ይይዛል፤ ሲደጋገም ደግሞ ውስጡ ሻጋታ ያበቅላል። ለዚህ በአዲስ ጫማ ሳጥን ውስጥ የሚገኙትን፣ «አይበላም» ተብሎ የተጻፈባቸውን ትንንሽ ከረጢቶች መሰብሰብ ነው። ውስጣቸው ያለው ሲሊካ ጄል እርጥበት ይመጥጣል። የመርካቶ ጫማ ሻጮች የሚጥሏቸውን በነፃ ለምኜ የካሜራ ቦርሳዬን ኪስ ሁሉ ሞልቼዋለሁ።

ሥነ ሥርዓትም አለው። አንድ ማለዳ ከአንድ የገበያ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ከረጢቴን ዘርግቼ ሌንሱን ሳስተካክል ዘበኛው ከኋላዬ መጡ።

«ምንድነው የምታነሳው?»

«ወፍ ነው አባባ።»

«ወፍ?» አሉ፤ ካሜራውን፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ ሰማዩን አዩ። «እዚህ ደግሞ ምን ወፍ አለ?»

ያነሳሁትን ማጅራተ ነጭ ርግብ በስክሪኑ አስፍቼ አሳየኋቸው። ዝም ብለው አዩና «ይቺ እኮ በየቀኑ ከእኔ ጋር ነው የምታድረው» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ወፎቹ በስንት ሰዓት የት እንደሚያርፉ የሚነግሩኝ እሳቸው ናቸው። ጠይቆ መግባት፣ ሌንስን ሰው ላይ አለማነጣጠር፣ ያነሱትን ማሳየት፦ በመርካቶ ካሜራ የያዘ ሰው ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱን ቢያጎድል ወፍ ሳይሆን ጠብ ይዞ ይመለሳል።

ከመርካቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ የእንጦጦ ተራሮች ከከተማው በሚገጥሙበት ተዳፋት ላይ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ይገኛል። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በትብብር ያቋቋሙት ሲሆን ስፋቱ ከ700 ሄክታር በላይ ነው። ተራራዎቹን የሸፈነው ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የመጣ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው። ከተማዋን ከማገዶ እጥረት አውጥቷታል፤ ከሥሩ ግን ብዙ ነገር አይበቅልም፤ ለአብዛኞቹ ደገኛ ወፎቻችንም የሚሰጠው ምግብ ጥቂት ነው። በማዕከሉ ጽድ፣ ኮሶ፣ ወይራና ዝግባ ይተከላሉ፣ ይጠበቃሉ። ወፍ የሚፈልግ ሰው ወደ እነዚህ ዛፎች ይሂድ፤ በተለይም ጫካው አልቆ ሣሩና ቁጥቋጦው በሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ይቁም። ጠርዝ ላይ ብርሃንም አለ፣ ፍሬም አለ፣ ነፍሳትም አሉ። ወፍ ሳይንጫጫ መድረስ ነው፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለው ብርሃን ለስላሳና ከጎን የሚመጣ ስለሆነ የላባውን ጥርስ ሁሉ ያወጣል።

እዚያ በቅርብ ርቀት ያየሁትን አንዱን ልናገር። አበባ ላይ የተንጠለጠለ ቀጭን ጥቁር ወፍ ነበር፤ ምንቃሩ እንደ ወስፌ ረጅምና ጎበጥ ያለ፣ ከጅራቱ መሐል ሁለት ላባዎች ወጥተው የረዘሙ። ጥቁር ነው ብዬ አነሳሁት። ደመናው ገለጥ ሲልና ወፉ ግማሽ ዞር ሲል ደረቱ ወይን ጠጅ፣ ራሱ ነሐስ ሆኖ በራ፤ መልሶ ሲዞር እንደገና ከሰል ሆነ። ይህ የተከዜ ወንዝን ስም በሳይንስ ስሙ የተሸከመው ነክታሪኒያ ታካዜ ነው፤ ስሙ ከ1814 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተመዝግቧል። ቀለሙ ከቅባት ወይም ከማቅለሚያ አይደለም። በላባው ውስጥ ያሉ እጅግ ስስ ድርብርቦች ብርሃንን በአንግል ይመልሱታል፤ ዝናብ ያቆረው ውሃ ላይ የፈሰሰ የመኪና ዘይት ቀስተ ደመና የሚሠራውም በተመሳሳይ መንገድ ነው። ስለዚህ ፀሐይን ከጀርባ አድርጎ መቆምና ወፉ እስኪዞር መጠበቅ ያስፈልጋል። ሠላሳ ጊዜ አንስቼ ቀለሙ የወጣው በሁለቱ ብቻ ነው።

የኢትዮጵያና የኤርትራ ብቻ የሆነው ግንባረ ቀይ ትንሽ በቀቀን፣ ሌላው የደጋችን ወፍ ግንደ ቆርቁርና ጉንጨ ነጩ ቱራኮ በከተማዋና በዙሪያዋ አሮጌ ሀገር በቀል ዛፍ ባለበት ይታያሉ። ቱራኮው ተቀምጦ አረንጓዴ ነው፤ ሲበር ክንፉ ደም መስሎ ይከፈታል። የቀዩ ማቅለሚያ በውስጡ መዳብ አለበት፤ እውነተኛ መዳብ፣ በእጅ ስለ ተያዘ ወርቅ የሚያወራው ተረት የናቀው ራሱ።

ወደ ተነሳንበት እንመለስ። የመስቀል ወፍ የሚለው ስም በመስከረም ለሚደምቁ ከአንድ በላይ ወፎች ይሰጣል። በአዲስ አበባ ዙሪያ ተዳፋት ላይ በቀላሉ የሚገኘው ጥቁርና ቢጫው ነው። መላ አካሉ እንደ ከፋይ ጥቁር፣ ትከሻውና ወገቡ ደማቅ ቢጫ ነው። ላባውን ነፍቶ እንደ ትልቅ ንብ ከሣር ጫፍ ወደ ሣር ጫፍ ይንሳፈፋል። ወገኖቹን አውሮፓውያን ልብሳቸው የካህን አልባስ መስሏቸው «ጳጳስ» ብለዋቸዋል፤ እኛ ደግሞ በመስቀል ጠራነው። ሁለቱ ሳይመካከሩ ቤተ ክርስቲያን መግባታቸው ያስደንቃል።

ይህን ልብስ የሚለብሰው ወንዱ ብቻ ነው፤ የሚለብሰውም ለጋብቻ ነው። ዝናቡ ሣሩን ሲያበቅለውና ፍሬ ሲያስይዘው፣ ከአንጎሉ ሥር ካለች ትንሽ ዕጢ የሚመነጭ ሆርሞን ላባውን ያስለውጠዋል። ቡናማው ይረግፋል፤ ጥቁርና ቢጫው ይበቅላል። ቢጫው ከሚበላው ምግብ በሚያገኘው ማቅለሚያ የሚሠራ ነው። ሴቷ ቡናማ ሰንበር እንዳለባት ጎጆ ውስጥ ትቀመጣለች፤ እሷን ጭልፊት እንዳያያት መደበቅ ይጠቅማታል። ዝናቡ ሲያባራና ሣሩ ሲደርቅ ወንዱም ልብሱን ያወልቃል፤ ድንቢጥ መሳይ ቡናማ ሆኖ ከመንጋው ጋር ይቀላቀላል። ባሕር አልተሻገረም፤ ቆላም አልወረደም። እዚያው ነው ያለው፤ የጠፋው ልብሱ ነው። ከጅራቱ በላይ ያለችውን ቢጫ ግን አያወልቃትም። ሲቀመጥ ክንፉ ይሸፍናታል፤ ሲበር ትገለጣለች።

ይህ ማስረጃ የሚገኘው በአንድ ቀን ፎቶ አይደለም፤ ያንኑ ስፍራ ደጋግሞ በማንሳት ነው። በነሐሴ ግማሽ ቡናማ ግማሽ ጥቁር ሆኖ ዝንጉርጉር ልብስ የለበሰውን፣ በመስከረም የደመቀውን፣ በኅዳር የደበዘዘውን በተርታ ያስቀመጠ ሰው እንቆቅልሹን በዓይኑ ይፈታዋል። ቀንና ቦታ የተጻፈበት ፎቶ ለባለሙያም ይጠቅማል። ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በዚህ ዘርፍ ይሠራል፤ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፎች ጥናት ተቋም በ2002 እ.ኤ.አ. የጀመረው ኢበርድ የተባለ መዝገብም ከማንኛውም ሰው ምዝገባ ይቀበላል። የመርካቶ ሰማይ የሚመዘግበው ሰው ይፈልጋል። ጎጆ ካያችሁ ግን ራቁ፤ ሣሩን ለፎቶ ብላችሁ አትግለጡ፤ እናቲቱ ከሸሸች ጫጩቶቹን ብርድና ቁራ ይጨርሷቸዋል።

ዘንድሮ መስቀል ሲቃረብ ወደ ጉለሌ ውጡና ጥቁርና ቢጫውን አንሱ። ቦታውን በማስታወሻችሁ ጻፉ። ጥር ላይ እዚያው ተመለሱ። ከደረቀው ሣር ውስጥ ቡናማ የወፍ መንጋ ብር ሲል ሹተሩን ተጭናችሁ ያዙና ፎቶውን አስፉት፤ ከአንዱ ጅራት በላይ ቢጫ ካያችሁ እሱ ነው።